የማያስገዛው ሰው ዘንግ ሲገዛ

በየሰፈሩ አንድ የማያስገዛ ሰው አለ። ድሬዳዋ ብትኖሩ፣ ሐረር ብትኖሩ፣ እዚህ ጅቡቲም ብትኖሩ፣ ገንዘባችሁን ቋጥራችሁ ከቤት ስትወጡ ከየት እንደመጣ ሳታውቁት አጠገባችሁ ይቆማል። «ምን ልትገዙ ነው?» ይላል። ነገራችሁት ማለት አለቀላችሁ፤ የዚያን ቀን አትገዙም። የኛ ሰፈር፣ የካርቲየ 7 ቢስ፣ የማያስገዛ ሰው ከማሉዲን ይባላል። የድሬ ልጅ ስለሆነ አንቱታ አይወድም። እኔ ግን ዞር ሲል «ክቡር ከማሉዲን፣ የገበያዎች ሁሉ የበላይ ጠባቂ» ነው የምለው።

ሁለት ንግግሮች አሉት። ዕቃውን ሲያይ፣ «ይሄ ዕቃ አይደለም፤ ዕቃ የሚመስል ነገር ነው» ይላል። ዋጋውን ሲሰማ ደግሞ ደረቱን ይዞ፣ «ወላሂ፣ ከነባለሱቁ ነው እንዴ የሚሸጠው?» ይላል።

እኔ ያወቅሁት በሙሽርነቴ ነው። ሟቹ ባሌ ከበበው ባቡር ላይ ይሠራ ነበርና በአሮጌው ባቡር ይዞኝ መጣ። ፍራሽ ልንገዛ ስንወጣ ይሄ ሰው፣ ያኔ ጸጉሩ ጥቁርና ሙሉ ነበር፣ መንገድ ላይ አስቆመን። «ዛሬ ፍራሽ አይገዛም! መርከብ እየገባ ነው» አለ። እኛም አመንነው። ሳምንት ሙሉ ምንጣፍ ላይ ተኛን፣ ሙሽሮቹ። ፍራሹ ሲገዛ እውነትም ረክሶ ነበር፤ ትራስም አስመርቆልናል። ከበበው ግን እስኪሞት ድረስ ወገቡን ባመመው ቁጥር «ከማሉዲን!» ይል ነበር፣ ሌላው ሰው እናቱን እንደሚጠራ።

ጥርሱን ሊነቀል ሄዶም ሐኪሙን፣ «ሁለት ከነቀልክልኝ ስንት ታደርግልኛለህ?» ያለ ሰው ነው። ሁለተኛው ጥርስ ደህና ነበር። ዛሬም ሲስቅ ክፍተቱን በጣቱ እያሳየ፣ «ይቺኛዋ በነፃ የወጣች ናት» ይላል።

የሲምቦ ነገር የወደቀው እንግዲህ በዚህ ሰው እጅ ነው።

ሲምቦ የባሌ ክፍለ ሀገር ልጅ ናት፣ የዲንሾ። ባሕሩን ተሻግራ በየመን በኩል ዓረብ አገር ልትገባ መጥታ፣ ደላላው ዛሬ ነገ ሲላት እኔ ቤት ተጠጋች። ሳምቡሳዬን እየጠበሰች ታግዘኝ ነበር። ስለዚያ ባሕር ስንት ነገር ሰምቻለሁ፤ ግን አትሂጂ ብዬ ምን ልሰጣት? አንድ ቀን ወንድሟ ባንቴ ደወለላት። እሱ እዚያው አገራቸው የሚመጡትን ፈረንጆች ወንዝ ለወንዝ እየመራ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ያስጠምዳል። ሴቶቹ እንግዶች ሴት መሪ እየጠየቁ ነው፤ ሲምቦ ደግሞ ወንዙን ከልጅነቷ ታውቀዋለች። «የራስሽን የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይዘሽ ከመጣሽ ሥራ አለሽ፤ እዚህ የሚሸጥ የለም» አላት። ለደላላው ያጠራቀመችው ገንዘብ በመሐረብ ተቋጥሮ ወገቧ ላይ ነበር። ወይ ለጀልባው ነው፣ ወይ ለዘንጉ። ለሁለቱ አይበቃም።

ለከማሉዲን ነገርኩት። ዓይኑ እንደ ልጅ ዓይን በራ።

በማግስቱ ወደብ አጠገብ ወዳለው የኡበይድ ሱቅ ወሰደን። የመጥረጊያ እንጨት የሚያክል ወፍራም ዘንግ አስወረደ፤ የክሩ መጠቅለያ ድስት ያህላል። ከባለሱቁ ጋር ተሟግቶ፣ ወጥቶ፣ ተጠርቶ፣ ተመልሶ ዋጋውን መሬት ካስነካው በኋላ ወደ ሲምቦ ዞረ። «በዚህ ሻርክ ታወጫለሽ!»

«አባባ፣ የኛ ዓሣ እኮ ከክንዴ አይበልጥም» አለች። «በዚያ ላይ ክሩ ላይ በሚታሰር የእርሳስ ክብደት አይደለም የሚወረወረው። ጫፉ ላይ ከላባ የተሠራ ዝንብ ነው ያለው። የሚከብደው ክሩ ራሱ ነው።»

«ዝንብ? ዝንብ ራሷ ትበር የለም እንዴ! ምን ወርዋሪ አስፈለጋት?»

ባለሱቁ ሳቀ። ከማሉዲን ግን ተኮሳተረ፤ በገበያ ጉዳይ የማያውቀው ነገር ሲመጣ ይታመማል። ሲምቦ ባንቴ የላከላትን ድምፅ ከስልኳ ከፈተችለት።

«ዘንጉ ላይ አምስት ቁጥር ፈልጉ» ይላል ባንቴ። «ክሩም አምስት ይሁን፤ ካልተስማሙ እንደማይዋደዱ ባልና ሚስት ነው፣ አንዱ ሲወረውር አንዱ ይጎትታል። መጠቅለያው ርካሽ ቢሆን ግድ የለም፤ ክር ከመያዝ በቀር ሥራ የለውም። ክሩ ላይ ግን እንዳትሰስቱ። እስከ ደረት የሚደርሰውን የውኃ ልብስ ተዉት፣ ቦቲ ጫማ ይበቃል። ዝንቡን እኔ እሠራለሁ፤ የዶሮ ላባ ሞልቷል።»

ከማሉዲን ደግማ እንድታሰማው ጠየቃት። «ይሄ ልጅ ነጋዴ ነው» አለ በአክብሮት። «የቱ ላይ እንደሚሰሰት ያውቃል።» ከዚያች ቀን ጀምሮ የሰፈሩ የትራውት ሊቅ እሱ ሆነ። መስጊድ ደጃፍ ሳይቀር፣ «አምስት የሚጋባው ከአምስት ነው» እያለ ያስረዳል። ዓሣውን በዓይኑ አይቶት አያውቅም።

ሙቀቱ ሲበረታ እዚህ ያሉ ፈረንሳዮች የሥራ ጊዜያቸው ያልቅና ዕቃቸውን ደጃቸው ላይ ዘርግተው ሸጠው ይሄዳሉ። ለከማሉዲን ይሄ ወቅት ዒድ ነው። ሄሮን ሰፈር፣ አንዲት ማዳም ግቢ ውስጥ፣ በድስትና በልጆች ብስክሌት መሃል ዘንጉ ተገኘ። አራት ቦታ ይፈታል፤ ሲወዘውዙት እንደ ሸንበቆ ይተጣጠፋል። ሲምቦ እጀታው አጠገብ ያለውን ጽሑፍ በጣቷ ዳሰሰችው። አምስት። የክሩን ካርቶን አየች። አምስት። መጠቅለያው ተጫጭሯል፣ እሱ ግድ የለም። ቀና ብላ ስታየኝ ፊቷ ሌላ ሰው ሆኗል።

ማዳም ዋጋዋን ተናገረች። ሲምቦ ያላትን ሁሉ ማለት ነው፤ ለአገር ቤት መንገድ ምንም አይተርፋትም። መሐረቡን የያዘው እንደ ደንቡ ከማሉዲን ነበር። ደረቱን ይዞ በፈረንሳይኛው አቃሰተ፣ ከግማሽ በላይ አልከፍልም አለ። ማዳም ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች። እሱም ዘንጉን አስቀመጠ፣ «መርሲ» አለ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ወጣ። እኛም ተከተልነው።

የገዢ ጀርባ ሲታይ ሻጭ ይጣራል። ከድሬ እስከ ጅቡቲ ይሄን የማያውቅ የለም። ለማዳም ግን ማን ነግሯት?

መንገዱ ዳር ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ቆምን። «እንዳትዞሩ!» አለ። «ከዞራችሁ ዋጋው ይጨምራል። አሁን ትጣራለች።» ላባችን ወረደ። አልተጣራችም። «ዘንድሮ ፈረንጅ ትዕቢተኛ ሆኗል» አለ። ጭራሽ አንድ መኪና መጥቶ በሯ ላይ ቆመ፤ አንድ ጎረምሳ ወርዶ ወደ ግቢው ገባ።

ይሄኔ የሲምቦ ስልክ ጠራ። ደላላው ነው። ንፋሱ ቀንሷል፣ ጀልባው እስከሚነሳበት እስከ ኦቦክ የሚወስዳት መኪና ተዘጋጅቷል፣ ትመጣለች ወይስ ቦታዋን ለሌላ ይስጥ?

«ቆይ ልደውልልህ» አለችና ዘጋችው። ወደ ከማሉዲን ዞራ፣ «ግድ የለም አባባ» አለችው። «ደክመውልኛል። ዕድሌ እንዲህ ከሆነ ምን ይደረጋል። ገንዘቤን ይስጡኝና ልሂድ።»

ሰውየው መሐረቡን ጨብጦ አያት።

ከዚያ ዞረ።

ይሄን ሁሉ ዘመን ሳውቀው ሳይጠሩት ወደ ሻጭ ሲመለስ አይቼው አላውቅም። «እዚሁ ቁሙ! ማንም እንዳይከተለኝ!» ብሎን ሄደ። እኔ ልቤ አላስቻለኝም፤ አጥር አጥሩን ተከትዬ በሽንቁር አየሁ። ጎረምሳው ብስክሌቱን እያገላበጠ ነበር። ከማሉዲን ደረቱን አልያዘም፣ አላቃሰተም። መሐረቡን ፈትቶ ማዳም ያለችውን ሁሉ እጇ ላይ አስቀመጠላት። ዘንጉን ተቀብሎ ሲወጣ ግን ወዲያው አልመጣም፤ አጥሩ ጥግ ቆሞ ከደረት ኪሱ የራሱን ገንዘብ አወጣና ባዶው መሐረብ ውስጥ ቋጠረ። ሮጬ ቦታዬ ተመለስኩ፤ በኔ ዕድሜ ሩጫ ከተባለ።

ደረቱን ነፍቶ መጣ። «አላልኳችሁም! ስታየኝ ደነገጠች። በግማሽ!» ዘንጉን በአንድ እጇ፣ መሐረቡን በሌላው አስጨበጣት። «የተረፈሽ ነው። ለመንገድሽ።»

ሲምቦ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ አለች። «ተይ፣ ተይ» አለና ወደኔ ዞሮ፣ «አንቺ ምን ያስለከልክሻል?» ብሎ ተቆጣኝ።

«ሙቀቱ ነው» አልኩት።

ለደላላው የደወለችለት እዚያው ዛፉ ሥር ነው። ቦታውን ለማንም እንዲሰጥ ነገረችው።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ፀሐይ ስትበርድ ሆዳን ሰፈር ጫፍ ያለው ባዶ ሜዳ ላይ ትለማመድ ነበር። ጫፉ ላይ በዝንቡ ፋንታ ቀይ የሱፍ ክር ታስርና ከራሷ በላይ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት ስታደርገው ክሩ አየር ላይ ይዘረጋል። ፍየሎቹ ቆመው ያያሉ። ከማሉዲን ወንበር አስመጥቶ፣ «ክንድሽን አትልቀቂው! እንደሱ!» እያለ ያስተምራታል፣ ያቺኑ ትናንት ከራሷ አፍ የሰማትን።

የሄደች ለት ናጋድ ባቡር ጣቢያ ሸኘናት። ዘንጉን በቆረጥነው የውኃ ቱቦ ውስጥ ከትታ ታቅፋዋለች። ባለሱቁ ኡበይድም ተምር ይዞ መጣ። ኡበይድ ከከማሉዲን ጋር ሲከራከር ነው ያረጀው። ስለ ግማሹ ዋጋ ለስንተኛ ጊዜ ሲተረክለት አላስቻለውም።

«ውሸት!» አለ። «ፈረንጅ ለአንተ በግማሽ?» ወደኔ ዞረ። «ይመኙሻል፣ አንቺ ነበርሽ። እስቲ በከበበው ነፍስ፣ እውነት ነው?»

ከማሉዲን ድንገት የባቡሩን ሰዓት ማየት አማረው። ሲምቦ ቱቦዋን አቅፋ ታየኛለች።

«በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት» አልኩ። ከበበው ይቅር ይለኛል። «እንዲያውም ከግማሽም ያንስ ነበር። ማዳም ልታለቅስ ምንም አልቀራት።»

ከማሉዲን ቀስ ብሎ ዞረ። አየኝ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሁለቴ ለምናኛለች» አለ።

«ሦስቴ» አልኩ።