ብስኩቱን ማን ጨረሰው?

(ሳሎን። ከሰዓት በኋላ። የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል፤ እናት ውስጥ ጋደም ብለዋል። ሰፈርተኛው «ሊቁ» የሚለው ጫማ ሻጭ ልጃቸው ወንበር ላይ ተንሰራፍቷል። ነገር ሁሉ ዘግይቶ ስለሚገባት «ኤሊ» የምትባለው ታናሽ እህቱ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ታቅፋ ቆማለች።)

ሊቁ፦ አልኩሽ እኮ! የጨረሰችው እማዬ ናት!

ኤሊ፦ ጋሼ፣ ጥርሷ እኮ ከጠዋት ጀምሮ ብርጭቆ ውስጥ ነው። በድዷ ነው የፈጨችው?

ሊቁ፦ ጣፋጭ ያማረው ሰው ጥርስ አይጠይቅም! ይሄ የፊተኛው አንጎል ጣጣ ነው። አንዱ የመርሳት በሽታ ግንባር ጋ ያለውን አንጎል ያኮማትረዋል። የሰው ፍሬኑ ያለው ደግሞ እዚያ ነው። ፍሬኑ ሲበላ ጣፋጭ ካየ አይተውም፣ አፉ ያመጣለትን ይናገራል።

ኤሊ፦ ሐኪሟ ግን አልዛይመር ነው አሉ። መጀመሪያ የሚጎዳው አዲስ ነገር የሚይዘው ቦታ ነው፤ ለዚህ ነው የልጅነቷን እያወሳች የቁርሷን የምትረሳው አሉኝ።

ሊቁ፦ እሳቸው እንደኔ በየቀኑ ያዩዋታል? ትናንት ስለ አንጎል እያስረዳሁ በመሀል «ዝም በል፣ ጆሮዬን በላኸው!» አለችኝ። ይሄ ፍሬን ያለው ሰው ንግግር ነው?

ኤሊ፦ (አሰብ አድርጋ) እኔም እንደዚያ ልልህ ነበር። የኔም ተበልቶ ይሆን?

ሊቁ፦ ያንቺማ ሲጀመርም አልተገጠመም።

ኤሊ፦ እሺ፣ ሰውዬውስ?

ሊቁ፦ የምን ሰውዬ?

ኤሊ፦ ከሰዓት ከሰዓት አንድ ሰውዬ ይመጣል ትላለች።

ሊቁ፦ (ብድግ ብሎ) የሌለ ሰው ታያለች? በቃ፣ ይሄ ሌዊ የሚባለው የመርሳት በሽታ ነው! አንጎል ውስጥ ጥቃቅን የፕሮቲን ጓል ይጠራቀምና ዓይን ያየውን የሚተረጉመው ክፍል ይዘባርቃል። ማንም በሌለበት ሰው፣ ድመት በሌለበት ድመት!

ኤሊ፦ እኔማ ሻይ እያቀረብኩለት ነው።

ሊቁ፦ ለማን?

ኤሊ፦ ለሰውዬው። እማዬ «እንግዳ ባዶ አፉን አይቀመጥም» ስትለኝ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወደ ማድ ቤት እመለሳለሁ።

ሊቁ፦ ለሌለ ሰው?

ኤሊ፦ ይጠጣዋል እኮ! ስመለስ ብርጭቆው ባዶ ነው።

ሊቁ፦ (ስልኩን እያወጣ) ጉድ ፈላ! አንቺንም ጀምሮሻል! ሐኪሟ ጋ ልደውል፣ ጠንከር ያለ ማስታገሻ ይዘዙላት።

ኤሊ፦ (ቆርቆሮውን ጥላ እጁን ትይዛለች) አይሆንም! ሌዊ ያለበት ሰው ጠንካራ ማስታገሻ ሲሰጠው ሊገተር፣ ሊሞትም ይችላል ያልከኝ ራስህ አይደለህ? ዛሬ እኮ በስሜ ጠርታኛለች! ደንዝዛ እንድትቀርብኝ አልፈልግም!

ሊቁ፦ (ቀዝቀዝ ብሎ) እሱን… ረስቼው ነው።

ኤሊ፦ አንተም?

ሊቁ፦ እኔ ሥራ በዝቶብኝ ነው! በይ፣ መጀመሪያ ላጣራ። ሰውዬው ምን ይመስላል?

ኤሊ፦ መስኮቱ ስር ያለው ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው አለች።

ሊቁ፦ (መስኮቱ ስር ወዳለው ወንበሩ ተመልሶ እየተቀመጠ) ቀጥዪ።

ኤሊ፦ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «መነጽሬን ያያችሁ» ይላል አለች።

ሊቁ፦ (ኪሱን እየዳበሰ) እንዲህ ጥርት አድርጋ ካየችውማ ሌዊ ነው! ቆይ ልጻፈው… መነጽሬን የት አደረግኩት?

ኤሊ፦ (ግንባሩን እያየች፣ ቀስ ብላ) ሲገባ ደህና ዋልሽ አይለኝም አለች። ቁጭ ብሎ ስለ አንጎል ይለፈልፋል። ብስኩት እየበላ።

(የሊቁ እጅ ቀስ እያለ ወደ ግንባሩ ይወጣል። መነጽሩን ያገኘዋል። ከሸሚዙ ላይ ፍርፋሪ ይረግፋል።)

ሊቁ፦ የበኩር ልጇ እኮ ነኝ። እንዴት «ሰውዬ» ትለኛለች?

ኤሊ፦ እኔ እንጃ፣ ጋሼ። ስለሷ ስታወራ እንጂ እሷን ስታዋራት ሰምቼህ አላውቅም።

(ሊቁ ይነሳል። ሸሚዙን ያራግፋል። የመኝታ ቤቱን በር ቀስ ብሎ ይገፋል።)

ሊቁ፦ እማዬ… ደህና ዋልሽ? እኔ ነኝ።

እናት፦ (ከውስጥ፣ ድምፃቸው ሞቅ ብሎ) ውይ፣ ልጄ! መጣህልኝ? ና፣ እዚህ አጠገቤ! (ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው) ያ ለፍላፊ ሰውዬ ሄደ?

ሊቁ፦ (አጠገባቸው እየተቀመጠ) ሄዷል፣ እማዬ።

እናት፦ እሰይ! በል በሩን ቆልፈው። ብስኩታችንን ጨረሰው እኮ!