የኦቦ ቀጄላ ቀይ ነጥብ

ጥገና ቤት ባለበት ከተማ ሁሉ ጠጋኙን የማያምን አንድ ደንበኛ አይጠፋም። ቡራዩ የደረሳት ግን የሁሉም አለቃ ነው፤ ክቡር ኦቦ ቀጄላ።

ሲላስ ስፒከር ጠጋኝ ነው። ከደቡብ መጥቶ፣ ስድስት ዓመት ፋብሪካ ለፍቶ የከፈታት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችው። ከሷ ሌላ ምንም የለውም። በሌብነት መጠርጠር ያንገበግበዋል፤ ኦቦ ቀጄላን ከሩቅ ሲያይ መበየጃውን አስቀምጦ በረጅሙ ይተነፍሳል። እሳቸው ዕቃቸውን ከማስረከባቸው በፊት የባለቤታቸውን ቀይ የጥፍር ቀለም ከኪሳቸው ያወጡና የእኔ በሚሉት ነገር ሁሉ ላይ ነጥብ ያደርጋሉ። ብሎን እንኳ አይቀራቸውም።

"ኦቦ ቀጄላ፣ አሁን ብሎን ማን ይሰርቃል?"

"ምን ይታወቃል!"

በ2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ነገር አገሩን ሲያምስ፣ ሻይ ቤት አዲስ ሰው ከገባ ወሬ ቀጥ ይል ነበር። ሁሉም ሁሉንም ይጠረጥራል። ኦቦ ቀጄላ የቆየ ልምድ ስለነበራቸው ብዙም አልተቸገሩም።

ያን ሰሞን የሠፈሩን ሠርግ የሚያደምቀውን ስፒከራቸውን በባጃጅ ጭነው መጡ። ወፍራሙ ድምፅ አለ፣ ቀጭኑ ጠፍቷል። ሲላስ ከሳጥኑ ውስጥ ክሮስኦቨሩን አወጣ፤ ቀጭኑን ድምፅ ለትንሿ፣ ወፍራሙን ለትልቋ ስፒከር የሚያከፋፍል ሰሌዳ ነው። የመዳብ ጥቅሉን ለካ፣ ደህና ነው። ቀጭኑን ድምፅ የሚያሳልፈው ካፓሲተር ግን ደርቋል። ላዩ ላይ 4.7 ይላል፤ ሲላስ ከመሳቢያው 4.7 የሚል አዲስ አወጣ።

ኦቦ ቀጄላ መነጽራቸውን አደረጉ። "ቁጥሩ እኩል ነው?"

"እኩል ነው።"

"እኩል ከሆነ ለምን ትቀይረዋለህ?"

"ያኛው ሞቷል፣ አባቴ።"

"ፕላስና ማይነሱስ የታለ?"

"የዚህ ዓይነቱ የለውም። በየትኛውም በኩል ቢገባ ይሠራል።"

"ኤዬ! በሁለቱም በኩል የሚገባ ነገር አይታመንም።"

አዲሱ ተበይዶ ስፒከሩ እንደ ወፍ ሲንጫጫ እንኳ ፈገግ አላሉም። የሞተውን ካፓሲተር በመሐረባቸው ቋጥረው፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አይተው፣ ሁሉንም ጭነው ሄዱ።

በማግስቱ መንገዱ ተዘጋ። ጎማ ነደደ፣ ተኩስ ተሰማ። ሲላስ ሱቁን ቆልፎ አስኮ ወዳለ ጓደኛው ቤት ሸሸ። ሦስት ቀን እህል በአፉ አልዞር አለው፤ ሱቋ ከነደደች የሰው አደራ ሁሉ አብሮ መንደዱ ነው፣ እሱም ወደ ፋብሪካው መመለሱ ነው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት በፍርሃት መጣ። የጎረቤቱ ሱቅ መስታወት ረግፏል። የእሱ በር ላይ ግን ኦቦ ቀጄላ ዱላቸውን ይዘው ዱካ ላይ ተቀምጠዋል።

"አካም ቡልቴ! የት ጠፋህ? ሦስት ቀን ሙሉ፣ 'ዕቃዬ እዚህ ውስጥ ነው፣ በሩን የሚነካ ጠቡ ከኔ ጋር ነው' እያልኩ የመጣውን ሁሉ ስመልስ!"

"የምን ዕቃ? ያን ዕለት ሁሉንም ወሰዱ እኮ! የሞተውን እንኳ በመሐረብ..."

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። "ምን ይታወቃል!"

ሲላስ ሊከፍት ጎንበስ አለ። ጓጉንቸር ቁልፉ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ አለች። እንባው መጣ፤ ነጥቧን በአውራ ጣቱ ዳሰሳት።

"ክፈተው እንጂ!" አሉ ኦቦ ቀጄላ። "ምን እንዳጎደሉብን እንይ።"