ጎል ያልገባበት ሙሽራ

ካርቱም ውስጥ ሐበሻ ሴትን «ሥራሽ ምንድን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፤ ቤት ማጽዳት። እኔም እላለሁ፣ ያቺም ትላለች፣ ያችኛዋም ትላለች። ሁላችንም እውነታችንን ቢሆን ኖሮ ይህ ከተማ እንዲህ አቧራ ባልለበሰ! እኔ በበኩሌ እውነቴን ነው፤ ካላመናችሁ ጉልበቴን ላሳያችሁ። አንድ ክፍል አብራኝ የምትኖረው ሰዓዳ ግን መጥረጊያ ነክታ አታውቅም። ዳንሰኛ ናት።

ፊታችሁን አታኮሳትሩብኝ! ባለጸጎቹ ግንቡ ረጅም በሆነ ቪላ ውስጥ መጋረጃ አውርደው ሐፍላ የሚሉትን የጭፈራ ድግስ ሲደግሱ፣ በስስ ልብስ የምትጨፍርላቸው እሷ ናት። ስትሄድ ዓባያዋን ለብሳ፣ መወልወያ ጨርቅ ከቦርሳዋ ብቅ አድርጋ ነው። ስትመለስ ደግሞ ጎረቤት እንዲሸተው እጇን በበረኪና አሽታ ትገባለች። ቀኑን ሙሉ በረኪና ሲያቃጥለኝ የምውለው እኔ ሽቶ ያምረኛል፤ እሷ ሽቶዋን በበረኪና ታጠፋለች! ወሎ ያለችው በሽተኛ እናቷ የምትኖረው በዚሁ ጭፈራ ስለሆነ፣ እኔ አፌን ዘግቻለሁ።

የግቢያችን ባለቤት ሐጃ ደግ ሴት ናት፤ በዚህ ነገር ግን ቀልድ አታውቅም። «በግቢዬ ዳንሰኛ አለች ሲሉ ከሰማሁ ከነፍራሿ ነው መንገድ ላይ የማወጣት» ብላለች። በሠፈራችን በማዮ ደግሞ ለሐበሻ ሴት የሚያከራይ ሰው መፈለግ ምን እንደሚመስል የቀመሰ ያውቀዋል።

እንግዲህ የሐጃ ልጅ ኢብቲሳም ልታገባ ሆነ። የዚህ አገር ሙሽራ በሠርጓ በሴቶች ፊት ትጨፍራለች፤ ከወንድ ወገን የሚገባው ሙሽራው ብቻ ነው። ፊት ለፊቷ ይቆማል፤ እሷ እየጨፈረች ሳለ ድንገት ትወድቃለች፤ መሬት ሳትነካ መያዝ አለበት። ካመለጠችው ሴቱ ሁሉ «ጎል!» ብሎ ይጮህበታል። ጎል የገባበት ሙሽራ እስኪያረጅ መሳቂያ ነው። ሙሽሮችን ለዚህ የምታሠለጥን ሴት አለች፤ የኢብቲሳም አሠልጣኝ ግን ታማ ቀረች። ልጅቱ ደግሞ፣ አላህ ይባርካትና፣ ስትጨፍር እግሯን ከጭቃ የምትነቅል ነው የምትመስለው።

አንድ ቀን ግቢው ውስጥ ስትለማመድ አይታ ሐጃ እንባዋ ሲመጣ፣ ሰዓዳ አላስቻላትም። ዘላ ተነሣች።

«ትከሻሽን ልቀቂው እንጂ ኢብቲሳም! ያላ፣ እንዲህ!»

አሳየቻት። ሐጃ እንባዋን ጠርጋ አፈጠጠችባት።

«አንቺ፣ ይኼን የት ተማርሽ?» አለች ሐጃ።

«የምሠራበት ቤት ሙሽራ ነበረች፤ ስወለውል እያየሁ።»

ሐጃ አቅፋ ሳመቻት። ሰዓዳም አሠልጣኝ ሆና አረፈችው።

ጥፋቷ ምን መሰላችሁ? የራሷን አወዳደቅ አስተማረቻት። ፀጉሯን ወደ ግራ በትና፣ ዓይን ሁሉ ወደ ግራ ሲሄድ፣ በቀኝ መውደቅ። «ይኼን የሚይዝ ወንድ አልተፈጠረም፤ ጎሉን ታዘንቢበታለሽ» አለቻት።

የሠርጉ ዕለት ከዓስር ሶላት በኋላ ሙሽራው ገባ። ሐጃ «ከሱቁና ከመስጊድ ሌላ መንገድ አያውቅም» እያለች የምታወድሰው፣ አንገቱን የደፋ ልጅ ነው። ኢብቲሳም ጨፈረች፤ ፀጉሯን ወደ ግራ በተነች። ሙሽራው በቀኝ በኩል እጁን ዘርግቶ ጠበቃት። ገና ሳትወድቅ! ደገመችው፤ ያዛት። ሠለሰችው፤ ያዛት። ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። «ልቧን እንዴት ቢያውቀው ነው!» ይላሉ ሴቶቹ።

በር ላይ ትሪ ይዘን የቆምነው እኔና ሰዓዳ ግን ተያየን። ይህን አወዳደቅ ሌላ የት እንደሚያሳዩት እናውቃለንና። ይሄኔ ሙሽራው ቀና አለ፤ ሰዓዳን አያት። ፊቱ እንደ ጀለቢያው ነጣ።

ሐጃ ምኑንም ሳታውቅ በደስታ ሰዓዳን ጎትታ ወደ እሱ ወሰደቻት። «መምህሯ ይህች ናት! ምነው እንዲህ አየሃት፣ ታውቃታለህ እንዴ?»

አለቀልን፤ ፍራሻችን መንገድ ላይ ታየኝ።

«ኧረ እኔ አላውቃትም» አለ ላቡን እየጠረገ። ምን ይበል? የት አየሃት ቢሉትስ? ቀጥሎም፣ «ግን ጨዋ ትመስላለች፣ ሐጃ። ከግቢሽ እንዳትለቂያት።»

ክፍላችን ስንገባ ሰዓዳ ፍራሿ ላይ ተዘርራ እስክታለቅስ ሳቀች።

«አንቺ ደግሞ አሠልጣኝ ነኝ ትያለሽ! አንድ ጎል እንኳ አልገባም» አልኳት ላበሽቃት።

«ምን ታረጊዋለሽ እቴ፣ ሁለቱንም ያስተማርኩት እኔው!»

ከዚያ ወዲህ ሐጃ ሰዓዳን ለጎረቤት ሁሉ «ጨዋ ልጅ ናት፤ አማቼ ራሱ መስክሮላታል» እያለች ታስተዋውቃለች። እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ። ከእሱ የበለጠ የሚያውቃት ከየት ይመጣል?