የጋሽ ይማም ፓምፕና ሁለቱ ፕሮግራሞች

እፍረትን ሰው እንደሚያስበው አንድ ዓይነት ነገር አድርጋችሁ አትዩት። ስብሰባ መሐል ሱሪው የተተረተረበት ሰው የሚያፍረው እፍረት አለ፤ ይሄ ቀላሉ ነው፣ ኮት ወገብ ላይ አስሮ ቤት መግባት ነው። ዘፈን ሳይችል ሠርግ ላይ ማይክ የጨበጠ አጎቱን እያየ የሚሳቀቅ ሰው አለ፤ ይሄም ቢሆን አጎት እስኪደክመው ድረስ ውጭ ቆሞ ሲጋራ ማጨስ ይቻላል። የሚከፋው፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰው በሙሉ በአንድ ነገር እኩል አፍሮ፣ እያንዳንዱ ግን ያላፈረ መስሎ ሲቀመጥ ነው። ያኔ ሰው ሁሉ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ጣሪያው ላይ ደግሞ ምንም የለም።

እኔ እንዲህ ያለው እፍረት የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ ነው። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ምሥራቅ አለፍ ብሎ፣ ዛሬ ሰሚት የምትሉት ሰፈር ገና የጤፍ ማሳ ሳለ፣ በዚያ አቅጣጫ አንድ የመለዋወጫ ዕቃ ፋብሪካ ነበር። ስሙ ይቅርብን። እኔ የቴክኒክ ክፍሉ ኃላፊ ነበርኩ፤ ይህ ማለት ማሽን ሲሠራ የማልመሰገን፣ ሲቆም ግን የምጠራ ሰው ነበርኩ ማለት ነው።

አንድ ቀን ከአንድ ወዳጅ አገር ማሽን በስጦታ መጣልን። ማሽን ስላችሁ ተራ ፍሬዛ እንዳይመስላችሁ። ተራው ፍሬዛ ብረት ሲቆርጥ ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ፣ ላይና ታች ይሄዳል፤ በቃ፣ ያ ነው ዕውቀቱ። ይሄኛው በዚያ ላይ የሚቆረጠውን ብረት ያጋድለዋል፣ ያዞረዋል፤ በአምስት ዘንግ ነው የሚንቀሳቀሰው። እስክስታ ቢሉት የሚወርድ ይመስል ነበር። ታዲያ እንዲህ ያለውን ጉድ በእጅ እያሰሉ ማዘዝ የማይታሰብ ነው። መቁረጫው በየቅጽበቱ የት መድረስ እንዳለበት፣ ወዴት ማጋደል እንዳለበት የሚያሰላ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይፈልጋል። እሱ ደግሞ ከማሽኑ ጋር አልመጣም። ስጦታ ነዋ! ስጦታን ማን ጎደለህ ይለዋል?

ብዙ ከተጻጻፍን በኋላ ለሙከራ የሚሆኑ ሁለት ፕሮግራሞች ተላኩልን፤ አንዱ ከምሥራቅ፣ አንዱ ከምዕራብ። አወዳድረን የተሻለውን እንድንመርጥ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ እኔ ሰብሳቢ ሆንኩ። የምሥራቁን ኢንጂነር ታምሩ ያዘ፣ እዚያ ስለተማረ። የምዕራቡን ኢንጂነር ጸዳለ ያዘች፣ እሷም እዚያ ስለተማረች። እኔ የተመረጥኩት የትም ስላልተማርኩ ነው፤ ማለቴ እዚሁ አራት ኪሎ ስለተማርኩ።

የታምሩ ፕሮግራም ጠንቃቃ ነበር። መቁረጫው አንዴ ከቆረጠ በኋላ ሽቅብ ወጥቶ፣ ከአደጋ ርቆ፣ ከዚያ ነው ለሚቀጥለው ተመልሶ የሚወርደው።

«በየመሐሉ ለጸሎት ነው እንዴ የሚወጣው?» ትላለች ጸዳለ።

«ማሽን ከመስበር መዘግየት ይሻላል» ይላል ታምሩ፣ ቀና ሳይል።

የጸዳለ ፕሮግራም መቁረጫው የሚሄድበትን መንገድ ገና ሳይሄድ በስክሪን ላይ በሥዕል ያሳያል። ታምሩ «ሲኒማ» ነበር የሚለው። ፈጣን ነው፣ መቁረጫውን ከብረቱ ሳያርቅ ለስለስ አድርጎ ያጋድለዋል። ችግሩ፣ ኮምፒውተሩ ያሰበውን በማሽኑ ቋንቋ ለማሽኑ የሚነግረው ክፍል ለሌላ ማሽን የተሰናዳ ነበር። ስለዚህ ጠረጴዛውን በትንሹ ወደ ቀኝ ማዞር ሲገባው፣ አንዳንዴ በግራ በኩል ዙሪያውን አዙሮ ያመጣዋል፤ ጎረቤት ቤት ለመግባት ከተማውን እንደሚዞር ሰው።

በዚህ መሐል ነው ጋሽ ይማም የመጡት። ከወሎ፣ ከአንዲት ትንሽ ከተማ፣ የከተማው ሰዎች ልከዋቸው። በጋቢያቸው ጠቅልለው የያዙት የውኃ ፓምፕ ክንፍ ነው፤ በፓምፑ ሆድ ውስጥ እየተሽከረከረ ውኃ የሚገፋው፣ ምላሶቹ እንደ አበባ የተጠማዘዙት የነሐስ ዕቃ። አሸዋ በልቶት ግማሹ ተሸርፏል።

«ውኃ አለን ልጄ» አሉኝ። «ጉድጓዱ ሙሉ ነው። የጠፋው የሚያወጣው ነው። ሴቶቹ ወንዝ ወርደው፣ ያውም ከከብት ጋር ተጋፍተው ነው የሚቀዱት።»

የተጠማዘዘ ነገር! ኮሚቴው ለማወዳደሪያ የሚፈልገው ይህንኑ ነበር። ሁለቱ መሐንዲሶች ዕቃውን በዓይናቸው በሉት። ለሥራው የተፈቀደልን ነሐስ ከሁለት ቁራጭ አይበልጥም ነበርና፣ ታምሩ አንድ፣ ጸዳለ አንድ እንዲሠሩ ተወሰነ። ሥራ አስኪያጃችን በሰው ሁሉ ፊት የሽማግሌውን እጅ ጨብጠው «የተሻለውን እርስዎ ይወስዳሉ» አሉ።

«የተሻለው ይቅር ጌታዬ» አሉ ጋሽ ይማም፣ «የሚዞረውን ስጡኝ።»

ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተንዛዛ። ጋሽ ይማም ያረፉት ኦሎምፒያ አጠገብ ሱቅ ካለው የወንድማቸው ልጅ ዘንድ ነው። በየጊዜው በውይይት ታክሲ እየመጡ በሩ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። ታምሩ ወጥቶ «አባቴ፣ ገጹ ትንሽ ይለስልስ ብዬ ነው» ይላቸዋል። ጸዳለ ወጥታ «ጋሽ ይማም፣ ሰዓቱን ላሳጥረው ብዬ ነው» ትላቸዋለች። እሳቸው ለሁለቱም «አብሽሩ» ብለው ይመለሳሉ። ምን ይበሉ? ሁለት ሐኪም አንድ በሽተኛ አልጋ አጠገብ ቆሞ ስለ መርፌ ጥራት ሲከራከር፣ በሽተኛው ምን ይላል?

በመጨረሻ የቆረጣው ቀን ደረሰ። ማሽኑ በታምሩ ፕሮግራም በጠዋት ጀምሮ ሲወጣ ሲወርድ ዋለ፤ ሠራተኛው ምሳውን በልቶ ሲመለስም እየወጣ እየወረደ ነበር። ግን ያለ አንዳች እክል ጨረሰ። በማግስቱ የጸዳለ ተራ ሆነ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ጠረጴዛው ያን ዙሪያ ጥምጥም ጉዞውን ሊጀምር ሲል፣ እኛ ወደ ኋላ ስንዘል፣ እሷ ወደ ፊት ዘላ ቀዩን ቁልፍ ተጫነችው። ከፕሮግራሙ ሁለት መስመር አርማ እንደገና አስጀመረችው፤ ከምሳ በፊት አለቀ። ሁለቱ ክንፎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ወርቅ ይመስሉ ነበር። ታምሩ የጸዳለን አንስቶ በጣቱ ዳበሰው፣ «መጥፎ አይደለም» አለ። ከታምሩ አፍ ይህ የፍቅር ግጥም ነው።

የትኛው ይበልጣል ብለን ለመከራከር ገና ወንበር ስንስብ፣ የፋብሪካው የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ ፍስሐ ገቡ። ሁለቱን ክንፎች አየት አየት አደረጉና፣

«እነዚህ ለመጪው በዓል የምርት ኤግዚቢሽን ይሄዳሉ» አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ጓድ ፍስሐ፣ አንደኛው እንኳ ለሽማግሌው ቃል...»

«በዓሉ ሲያልፍ ይወስዳሉ።»

ለኤግዚቢሽን የሄደ ዕቃ ከአንዱ ኤግዚቢሽን ወደ ሌላው ሲዛወር እንደሚኖር በዚያ ክፍል የማያውቅ ሰው አልነበረም። ያን ያልኳችሁን ጣሪያ ያየነው እንግዲህ ያኔ ነው። «ግን እኮ...» ብሎ መጀመር ይቻል ይሆናል፤ ማን ይጨርሰዋል? አሻጥር የምትባል የክስ ቃል ነበረች፤ ለዘገየም፣ ለተሰበረም፣ ላልተስማማም የምትሆን።

ለጋሽ ይማም መንገር የኔ ፋንታ ሆነ። ዛፉ ሥር ቁጢጥ ብዬ ነገርኳቸው። አንገቴ ድረስ ሲግለኝ ይታወቀኛል። ቢቆጡኝ በወደድኩ። እሳቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«አብሽር ልጄ፣ በዓል ያልፋል» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «ከቻላችሁ ግን ውሰዱኝና አሳዩኝ። ለላኩኝ ሰዎች በዓይኔ አየሁት ልበል።»

ኤግዚቢሽኑ ቦሌ መንገድ ላይ ባለ አዳራሽ ነበር የተዘጋጀው። እኔ፣ ታምሩ፣ ጸዳለና ጋሽ ይማም በአንድ ውይይት ተሳፈርን። በዚያች መኪና ሰው ትይዩ ተቀምጦ ጉልበት ለጉልበት እየተነካካ ስለሚሄድ መጨዋወት ግድ ነው። ታምሩና ጸዳለ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ስለ ፕሮግራም አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ስንደርስ እኔ እንኳ ደነገጥኩ።

ክንፎቹ በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ በቀይ ጨርቅ ላይ፣ መብራት በርቶላቸው ተቀምጠዋል። ይበልጥ እንዲያብረቀርቁ ተብሎ ሁለቱም ተወልውለው ተሞርደዋል። ከሥራቸው የተጻፈውን ሳነብ ግን ላብ አጠመቀኝ፤ «በራስ ኃይል የተመረተ የአውሮፕላን ሞተር ክፍል» ይላል። ጸዳለ አንብባ ዓይኗን ጨፈነች። ታምሩ ደግሞ ደጋግሞ ያነበዋል፣ ቢያነበው የሚለወጥ ይመስል።

እንውጣ ብዬ ሳልጨርስ ጓድ ፍስሐ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ከነአጃቢዎቻቸው እየመሩ መጡ። እንግዳው መስታወቱ ፊት ቆሙ።

«ይሄስ?»

«ይሄ ጓድ፣ የአውሮፕላን ሞተር ክፍል ነው። ሰፊው ሕዝባችን በራሱ ክንድ...»

«የለም ጌታዬ፣ የፓምፕ ነው» አሉ ጋሽ ይማም።

በዚያ ዘመን ባለሥልጣንን በባለሥልጣን ፊት ማረም ምን እንደሚያመጣ የኖራችሁበት ታውቁታላችሁ። ጸዳለ የጋቢያቸውን ጫፍ ያዘች። እሳቸው ግን ነገሩ ክፋት ያለበትም አልመሰላቸው፤ ሰው ስለተሳሳተ ማቃናታቸው ነው። ከጋቢያቸው ሥር ያን የተሸረፈ ክንፍ አውጥተው መስታወቱ ላይ፣ ከአዲሶቹ አጠገብ ደገፍ አደረጉት። ልኩ ያው፣ መጠማዘዙ ያው።

«የኛ አገር ፓምፕ ነው። እነዚህ ልጆች ናቸው የሠሩልን፣ አላህ ይስጣቸው።»

እንግዳው ሽማግሌውን አዩ፣ ጽሑፉን አዩ፣ ወደ ጓድ ፍስሐ ዞሩ። «እኚህ ሰው ማናቸው?»

ጓድ ፍስሐ ፊታቸው አመድ መሰለ። በመጨረሻ የወጣላቸው አንድ ነገር ነው፤

«ሰፊው ሕዝብ ናቸው ጓድ።»

ለጥቂት ጊዜ ምን እንደሚከተል የሚያውቅ አልነበረም። እኔ ያሰብኩት ቤት ስላሉት ልጆቼ ነው። ከዚያ እንግዳው ሳቁ። ሲስቁ አጃቢዎቹ ሳቁ፣ አጃቢዎቹ ሲስቁ አዳራሹ ሳቀ።

«ታዲያ ስጧቸዋ!»

ጭብጨባው ቤቱን አናጋው። መስታወቱ ተከፈተ። ጋሽ ይማም ሁለቱን ክንፎች እያፈራረቁ አዩና ወደ መሐንዲሶቼ ዞሩ፤ «የቱን ልውሰድ ልጆቼ?»

ታምሩና ጸዳለ ጎንበስ አሉ። አገላበጡ። መቁረጫው ጥሎት ያለፈው ምልክት በሙሉ በሞረድ ጠፍቷል፤ የቱ የማን እንደሆነ ሁለቱም አላወቁም። ያን ሁሉ ጊዜ የተከራከሩበት ልዩነት አልነበረም።

«ማንኛውንም አባቴ» አለ ታምሩ፣ መሬት መሬት እያየ። «ሁለቱም ይዞራሉ።»

ጋሽ ይማም አንዱን ታቀፉ። ከዚያ አንድ በአንድ አመሰገኑን፤ ታምሩን፣ ጸዳለን፣ እኔን። የጓድ ፍስሐን እጅ ደግሞ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ልጆቻቸውን ሳይቀር መረቁላቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የምል ሰው ብቻዬን እንዳልነበርኩ ያወቅኩት የጓድ ፍስሐን ጆሮ ሳይ ነው፤ ቀልቶ ነበር።

ከበዓሉ በኋላ ኮሚቴው ተሰበሰበ። አንደኛው ናሙና ወሎ ሄዷል፤ የቀረው ደግሞ የማን እንደሆነ አይታወቅም። በአንድ ነገር ማወዳደር ስለማይቻል ውድድሩ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ያ ሌላ ጊዜ እስከ ዛሬ አልመጣም። ሁለቱን ፕሮግራሞች ታምሩና ጸዳለ እንደየሥራው ዓይነት እየተቀባበሉ ሲሠሩባቸው ኖሩ፤ ማንም አልፈቀደላቸውም፣ ማንም አልከለከላቸውም። የቀረው ክንፍ ከነጽሑፉ የአውሮፕላን እንደሆነ ከአዳራሽ አዳራሽ ዞረ።

ከክረምቱ በኋላ አንድ ቀን የጋሽ ይማም የወንድም ልጅ አንድ ጀሪካን ተሸክሞ ቢሮዬ መጣ። ከወሎ በአውቶቡስ የተላከ ነው። ፓምፑ እየሠራ ነው አለ። ከዚያ የአጎቱን መልእክት ነገረን፤ «የናንተው ውኃ ነው፣ ቅመሱት።»

ብርጭቆ አስመጣን። ሥራ አስኪያጁ ቀመሱ፣ ታምሩና ጸዳለ ቀመሱ፣ ወሬውን ሰምተው የመጡት ጓድ ፍስሐም ድርሻቸው ተቀዳላቸው። ቀዝቃዛና ጣፋጭ ውኃ ነበር። ሁላችንም ቆመን፣ አንዳችን ሌላችንን ሳናይ ጠጣን።

ድገሙኝ ያለ ግን አልነበረም።