የዱካለ ግድግዳ

ብዙ ሰው ስለ እርጥበት የሚያውቅ ይመስለዋል። ጭቃ ውሃ ጠጥቷል፣ አየር ያገኘዋል፣ ይደርቃል፤ አለቀ። አንባቢዬ፣ አላለቀም! ውሃው በጭቃው ቀዳዳዎች ተሹለክልኮ ዳር ሲደርስ ምን እንደሚገጥመው አስቀድመው ካልወሰኑ፣ ቢያሰሉ ቢያሰሉ ከንቱ ነው። የመውጫው በር ክፍት ነው? ዝግ ነው? ወይስ ገርበብ ያለ?

እኔ በዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቴ የውሃውን ጉዞ በካሬ ወረቀት ላይ በቁጥር እየተከተልኩ አስልቼዋለሁ። «የግድግዳ ዳር እንደ ነፋሱና እንደ ቅቡ ይለያያል» ብዬ ጻፍኩ። አስተማሪዬ «ዳሩን ሁልጊዜ ደረቅ ነው ብለህ ያዝ» ብለው ማርኬን ቆረጡት። የውጭ አገር ትምህርት ዕድሌም በዚያው ቀረ። እኔ ሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት፣ ዲላ ተመድቤ ሳይንስ ሳስተምር፣ እርሳቸው ያንኑ ሐሳቤን በራሳቸው ስም አቅርበው ተጨበጨበላቸው፤ ተሸለሙበትም። ቂም አይደለም። ቂም ብቻ አይደለም ማለቴ ነው።

የትምህርት ቤታችን ዕቃ ቤት ጠባቂ ዱካለ፣ ማርታን ሊያገባ ቤት ሠራ። ከመቸኮሉ የተነሣ ጭቃው ሳይደርቅ ውጭውን ሰማያዊ የዘይት ቀለም ቀባው፤ ውስጡን በዱቄት ሙጫ ጋዜጣ በጋዜጣ ላይ ለጠፈበት። የሙሽራዋ አክስት እትዬ አስቴር ቤቱን ሊያዩ መጡና አፍንጫቸውን ያዙ።

«አንተ ልጅ፣ ሚስት ልታስገባ ነው ወይስ እንጉዳይ ልታበቅል? ደረቷን የሚያማት ልጅ እዚህ አትገባም። ሲደርቅ ጥራን!»

ዱካለ እየሮጠ እኔ ዘንድ መጣ። «መምህር፣ በየቀኑ እሳት አነዳለሁ፤ ግድግዳው ግን ያለቅሳል።»

«በሁለቱም በኩል አፍነኸው ውሃው ወዴት ይሂድልህ? ጋዜጣውን ላጠው።»

«በራቁት ግድግዳ ሰርግ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሙሽራ ከሌለችበት ሰርግ ይሻላል።»

አብረን መላጥ ያዝን። ከመስኮቱ ሥር፣ ሻጋታ ጢም ያበቀለባቸው አንድ ሰው ከጋዜጣው ፎቶ ላይ አፈጠጡብኝ። አስተማሪዬ! ከነሽልማታቸው። ዳሩ ሁልጊዜ ደረቅ ነው ያሉኝ ሰውዬ፣ ራሳቸው ዳሩን ደፍነው እንደ ስፖንጅ ረጥበዋል። እንዳይቀደዱ ተጠንቅቄ ላጥኳቸው። ዲግሪዬን ስቀበል እንኳ እንዲህ አልተደሰትኩም።

መስኮቱን ከፍተን ተውነው። ቡና ለቀማ ሳይደርስ ግድግዳው ደርቆ ነጣ። እትዬ አስቴር በመዳፋቸው ዳበሱት፣ አሸተቱት፣ ለመንቀፍ የሚሆን ነገር አጡ። ማርታ በዚያ ራቁት ግድግዳ መካከል በመዝሙር ገባች፤ አንድም ጊዜ አላሳላትም።

ከሰርጉ በኋላ ዱካለ፣ ደርቀው የተጨማደዱትን አስተማሪዬን ይዞ መጣ።

«መምህር፣ እኚህን ሰውዬ መልሼ ልለጥፋቸው?»

«ለጥፋቸው» አልኩት። «ግድግዳው ደርቋል፤ ከእንግዲህ የሚያግዱት ነገር የለም።»