የቀኙ የፊት ሾክ

[ግቢ ውስጥ አንዲት አሮጌ መኪና ቆማለች። ባለቤቷ፣ ተረጋግቶ ስለሚናገር «እርጉ» የሚሉት፣ የፊቷን ቀኝ ጥግ ተጭኖ ይለቃታል፤ ከፍ ዝቅ ትላለች። የሚስቱ ወንድም፣ የማያውቀው ነገር ስለሌለ «ሊቁ» የሚባለው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል።]

ሊቁ፦ አላልኩህም? ሾኩ ሞቷል!

እርጉ፦ የሞተ እንዲህ ይንቀሳቀሳል እንዴ?

ሊቁ፦ ስማኝ አማቼ፤ ጤነኛ መኪና ስትጫናት አንዴ ብድግ ትልና ጸጥ ነው። ይህቺን ተመልከታት፣ ትጨፍራለች!

እርጉ፦ ደስ ብሏት ቢሆንስ?

ሊቁ፦ መኪና ምን ያስደስታታል?

እርጉ፦ እኔ እንጃ። አንተ ስትመጣ እንዲህ ናት።

ሊቁ፦ [ሳቁን እየዋጠ] ኧረ ተው! ሾክ አብዞርበር ማለት መንገዱ የሚሰነዝረውን ዱላ በመኪናዋ ፋንታ የሚቀበል ማለት ነው። አንተ ማለት ነህ፣ እህቴ ስትቆጣ።

እርጉ፦ ታዲያ እኔ መቼ ነው የምቀየረው?

ሊቁ፦ ቀልዱን ተወውና፣ እህቴ ዛሬ ሐኪም ቤት ቀጠሮ የላትም እንዴ?

እርጉ፦ ከሰዓት ነው። እሷማ ምላለች። «ስምንት ወር ሙሉ የተሸከምኩትን ልጅ በዚህች መኪና ተሳፍሬ ጉድጓድ ላይ አልወልደውም፤ በታክሲ እሄዳለሁ» ትላለች። የመጀመሪያ ልጄን ሌላ ሰው ነድቶ ሲወስደው ቆሜ ልይ? አንጀቴ አልቻለም።

ሊቁ፦ ታዲያ ቀይረዋ! እኔ እመክርሃለሁ እንጂ እጄን አላስነካም። ሸሚዙን አይተኸዋል?

እርጉ፦ ማን ንካ አለህ? ምክርህ ይበቃኛል።

[የክሪኩን ረጅም እጀታ ቆሞ እየገፋ መኪናዋን ያነሳል። ከዚያ ባለረጅም እጀታውን መፍቻ እንደቆመ የጎማው ዳዶ ላይ ሰክቶ በእግሩ ይረግጣል። ጎማው አብሮ ይዞራል። ደግሞ ይረግጣል፤ ደግሞ ይዞራል።]

ሊቁ፦ ምን እያደረግክ ነው?

እርጉ፦ ዳዶውን ልፈታ። አልቆምልህ አለኝ።

ሊቁ፦ መሬት ላይ እንዳለች መጀመሪያ ዳዶውን ታላላለህ፤ ከዚያ ነው የምታነሳት!

እርጉ፦ አሃ። እስኪደክመው ብጠብቅስ?

ሊቁ፦ ማን እስኪደክመው?

እርጉ፦ ጎማው።

ሊቁ፦ የፈጣሪ ያለህ! ዞር በል! [መኪናዋን ያወርዳል፤ ዳዶዎቹን ያላላል፤ መልሶ ያነሳትና ጎማውን ይነቅላል።] ይችን ብቻ ነው። የቀረው የራስህ ጉዳይ ነው።

እርጉ፦ እግዜር ይስጥልኝ። በል ተቀመጥ፣ ሸሚዝህ እንዳይቆሽሽ።

[ሊቁ ይቀመጣል። እርጉ ኮፈኑን ከፍቶ ከሾኩ አናት መሃል ያለውን ትልቁን ዳዶ በመፍቻ ይነካካል።]

ሊቁ፦ [ከወንበሩ ዘሎ] ተው! ተው! እንዳትነካው!

እርጉ፦ ትልቁ እሱ ስለሆነ ነው። ከታላቅ መጀመር ደግ ነው ብዬ።

ሊቁ፦ የታመቀውን ሞላ የያዘው እኮ እሱ ነው! ብትፈታው ሞላው ተስፈንጥሮ አገጭህን ይዞት ይሄዳል! ዙሪያውን ያሉትን ትንንሾቹን፣ ከዚያ የታቹን ብሎኖች ትፈታለህ፣ ከዚያ ሙሉውን አውጥተህ ሞላውን በመጭመቂያ ትጨምቀዋለህ። መሃለኛው መጨረሻ ነው!

እርጉ፦ ገባኝ። መጀመሪያ መሃለኛው...

ሊቁ፦ አልገባህም!

እርጉ፦ እንደገና ንገረኝ እስቲ። ጆሮዬ ጋ ሲደርስ ደህና ነው፤ ወደ እጄ ሲወርድ ነው የሚጠፋው።

ሊቁ፦ [እጅጌውን እየሰበሰበ] አምጣ ያንን መፍቻ! ልጁን አባት አልባ ልታደርገው ነው!

[መኪናዋ ሥር ይገባል። እርጉ ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል።]

እርጉ፦ የፍሬኑን ቱቦ እንዳትጎትተው።

ሊቁ፦ [ከሥር] ምን አልክ?

እርጉ፦ ምንም። እየተማርኩ ነው።

[አሮጌው ሾክ ይወጣል፤ አዲሱ ይገባል፤ ጎማው ይታሰራል። ሊቁ ሲነሳ ሸሚዙ ነጭ መሆኑ ቀርቷል።]

ሊቁ፦ በል ተጫናት!

እርጉ፦ [ይጫናታል፤ አንዴ ብድግ ብላ ጸጥ ትላለች] አኮረፈች እንዴ?

ሊቁ፦ ሙያ ማለት ይሄ ነው! በል አሁን ወደ ግራው።

እርጉ፦ የግራው ይቅር።

ሊቁ፦ እንዴት ይቅር? ሾክ የሚቀየረው በጥንድ ነው! አንዱ ካለቀ ሌላውም አልቋል፣ ማየት አያስፈልገኝም። ሁለት አልገዛህም?

እርጉ፦ ገዝቻለሁ።

ሊቁ፦ ታዲያ ሁለተኛው የታለ?

እርጉ፦ ግራው ላይ።

[ሊቁ ዞሮ ይሄዳል። ጎንበስ ብሎ ከግራው ጎማ ጀርባ ያያል። በጣቱ ይነካዋል።]

ሊቁ፦ አዲስ ነው። ማን ገጠመው?

እርጉ፦ እኔ፣ ባለፈው እሁድ።

ሊቁ፦ አንተ? ዳዶ ማላላት የማታውቀው?

እርጉ፦ ያኔ አውቅ ነበር።

ሊቁ፦ ምን?

እርጉ፦ የግራውን ጨርሼ ቀና ስል ወገቤን ያዘኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ጎንበስ ማለት አልቻልኩም። ብደውልልህ ስብሰባ ላይ ነኝ አልክ። ደግሜ ብደውል ጉንፋን ይዞኛል አልክ። ጭንቀቴን ያየችው እህትህ ናት «ወንድሜን ከለመንከው ይሸሽሃል፤ ፊቱ ሥራ ካበላሸህ ግን እጁ አርፎ አይቀመጥም» ያለችኝ።

ሊቁ፦ የገዛ እህቴ! [ወደ ቤቱ መስኮት] ሰምተሻል? ነቅቼባችኋለሁ! ከእንግዲህ ሌላ ሞኝ ፈልጉ!

[ከመስኮቱ የሴት ሳቅ ይሰማል።]

እርጉ፦ አትቀየመኝ አማቼ። ልጄን ራሴ ነድቼ ልወስደው ነው፤ ደስታዬን አልችለውም። በል እረፍ። እሷ እስክትለብስ የሕፃኑን አልጋ ልገጣጥም።

[ጠረጴዛ ላይ የአልጋውን እንጨቶች ይዘረጋል። ካቻቢቴውን በብረቱ በኩል ጨብጦ በእጀታው ብሎኑን ይወቅጠዋል።]

ሊቁ፦ እያየሁህ ነው። አልነሳም።

እርጉ፦ ማን ተነሳ አለህ?

[የአልጋውን እግሮች ወደ ላይ አድርጎ ያቆመዋል።]

ሊቁ፦ [ፊቱን አዙሮ] አላይም! ብትፈልግ ጣራ ላይ ስቀለው!

እርጉ፦ ልጁ የሚተኛው ከላይ ነው ከሥር?

ሊቁ፦ [እየተነሳ] ላንተ እንዳይመስልህ! ለእህቴ ልጅ ስል ነው! ልቀቅ ካቻቢቴውን!