ሰላምታ የሚሰማ ሽቦ

ሰላምታ የሚጠላ ሰው የለም። ከእኔ በቀር። አምቦ ውስጥ ሰው በር ከፍቶ፣ እጅ ጨብጦ፣ «አካም? ነጋ? ቤተሰብስ?» ሳይል አለፈ ከተባለ ወይ ተጣልቷል ወይ ታሟል። ከተማችን ብቅ ብትሉ ታዩታላችሁ። ደስ ይላል፤ ፊዚክስ ካላስተማራችሁ።

እኔ አስተምራለሁ። ተማሪዬ ሌንሴ ለመመረቂያ ጽሑፏ የመረጠችው ደግሞ በብርቱ ቅዝቃዜ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ሽቦ ነው። ከጸጉር የቀጠነ ሽቦ በማግኔት መሀል ይወጠርና ይነዝራል፤ የተነከረበት ፈሳሽ በጥቂቱም ቢሆን ወደ ኋላ ከያዘው ንዝረቱ ይደክማል፤ ከድካሙ የፈሳሹን ጠባይ ታነባላችሁ። (ሽቦውን እንዴት እንደምረዳው!) ገንዘብ ያላቸው ሂሊየም ውስጥ ይነክሩታል። እኛ ማግኔቱን ከተበላሸ ስፒከር ፈታን፤ ቅዝቃዜውን ላም ከሚያዳቅሉት ከኦቦ ገመቹ ለመንን። የኮርማ ዘር የሚያቆዩበትን ፈሳሽ ናይትሮጅን በፔርሙስ ቀዱልንና «ለጌዶ ላሞች የመጣ ነው፤ በቅርቡ ሌላ አልሰጣችሁም» አሉን። ናይትሮጅን ደግሞ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ይተናል። ዛሬ ካልለካች ሌንሴ ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም።

ሽቦው ግን ሁሉን ይሰማል። ሰው በኮሪደሩ ሲያልፍ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው መስመር ይዘላል፤ ገብቶ ሲጨብጠንማ ዳንኪራ ይመታል። ስለዚህ በሩ ላይ ለጠፍኩ፦ «እባካችሁ፣ ዛሬ ሰላምታ ይቅርብን።»

መስመሩ ጥቂት ዘለለ። ከዚያ ጸጥ አለ። እንዲህ ያለ ጸጥታ እዚያ ሕንፃ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። ሌንሴ ትንፋሿን ውጣ፣ ፈሳሹ ተንኖ እስኪያልቅ ለካች። «መምህር፣ ወጣልኝ!» ብላ አለቀሰች። እኔንም እንባ እንባ አለኝ፤ ከደስታ ይሁን ከድካም አልለየሁትም።

በሩን ስንከፍት ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ነው። መምህራኑ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል፤ ጸሐፊዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግድግዳውን ተደግፈዋል። የመዝገብ ቤቱ ኦቦ ዲንሳ ሌንሴን እያለቀሰች ሲያይዋት አቀፏት።

«አይዞሽ፣ ኢንተላ ኮ፣ አይዞሽ ልጄ። ማን ነው ያረፈው?»

«ማንም አላረፈም» አልኩ።

«ታዲያ ሰው ምን ሆኖ ነው ሰላምታ ይቅር የሚለው?»

ስለ ሽቦው ማስረዳት ጀምሬ ተውኩት። ለሥራዬ ብዬ ስለምን የኖርኩትን ጸጥታ፣ ለሐዘኔ ሲሆን ሳልለምን ሰጡኝ። ተቆጥተው ተበተኑ፤ እያንዳንዳቸው እጄን ጨብጠው፣ ቤተሰብ ጠይቀው።

ሌንሴ እንባዋን ጠረገች። «መምህር፣ ናይትሮጅን ስናገኝ ለማረጋገጫ አንዴ መድገም አለብን እኮ። ያኔስ ማን ሞተ እንበል?»

«እኔ» አልኳት። «ቢያንስ ጋደም እላለሁ።»